ነጋሪቱ ዛሬ የት ይመታል?

አንባቢዬ ሆይ፤ ደመወዝተኛ ከሆንህ፥ ወይም ነገ ደመወዝተኛ ለመሆን ዛሬ ደብተር ይዘህ የምትመላለስ ተማሪ ከሆንህ፥ ይህን ጨዋታ ምናልባት በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ታነበው ይሆናል። እኔም የምጽፍልህ ከዚያው ዓይነት ክፍል ነው። እንግዲህ ጎረቤታሞች ነንና እንደ ጎረቤት እንጫወት።

ባለፈው ወር ውላችን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አከራዬ እትዬ ቡና ጠሩኝ። የአከራይ ቡና ከሁለት ነገር አንዱን ሳይዝ አይመጣም፤ ወይ ድግስ አለ፥ ወይ የኪራይ ነገር አለ። ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ ነገሩ ወጣ። «መምህር፤ አዲሱን ውል ስንፈራረም የሦስት ወሩን በቅድሚያ ትሰጠኛለህ፤ ይኸን ጣሪያ ላስጠግነው ነው» አሉኝ።

የሦስት ወር ኪራይ ባንድ ጊዜ ማውጣት ለመምህር ምን ማለት እንደ ሆነ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። እንደ ልማዴ አንገቴን ሰበር አድርጌ «እሺ እትዬ» ልል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ስለ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም። «እትዬ፤ ቅድሚያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ሕግ ወጥቷል ይባላል» አልኋቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው፥ «ይባላልማ፥ ስንት ነገር ይባላል! ዘይት ይረክሳልም ተብሎ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የብዙዎቻችን የሕግ ዕውቀት የቆመው «ይባላል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጎረቤት አንድ ነገር ይላል፤ የታክሲው ረዳት ሌላ ይላል፤ በፌስቡክ አንዱ ሲምል ሌላው ይገዘታል። ወረቀቱን አየሁ የሚል ግን አይገኝም።

ያን ማታ ስልኬን አውጥቼ የአዋጁን ነገር ጻፍሁና ፈለግሁ። ጥቂት ደቂቃ አልቆየም፤ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016» የሚል የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፥ ባንድ ወገን አማርኛው፥ በሌላው ወገን እንግሊዝኛው ተሰልፎ ፊቴ ቀረበ። ለኢንተርኔቱ ከከፈልሁት በቀር አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም። ደጅ አልጠናሁም፤ «ነገ ተመለስ» ያለኝም የለም። የምፈልገውም ቃል እዚያው ነበረ። ከእትዬ ጋር እንዴት እንደ ጨረስን ኋላ አጫውትሃለሁ። አስቀድሜ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በልቤ ሲመላለስ የሰነበተውን ነገር ላውጋህ።

በአባቶቻችን ዘመን አዋጅ የሚነበብ ሳይሆን የሚሰማ ነበር። ገበያው ሲደምቅ ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪውም ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ቆሞ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ቃሉን ያወጣል። ይህች አነጋገር ስትሰማ የኖረች ስለ ሆነ ብዙ ልብ አንላትም ይሆናል። እስቲ አሁን ልብ በላት። ሕጉ ሕዝቡ ወዳለበት፥ እህልና ከብት ወደሚሸጥበት ሜዳ ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። ደግሞም የሰማ ሰው ሁሉ ላልሰማው የማሰማት ዕዳ ተጥሎበት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የድሮውን ሁሉ ላሞግስ አይደለም። ዳኞች የሚያመሳክሩት ፍትሐ ነገሥት በግእዝ የተጻፈ ስለ ሆነ አንብቦ ፍችውን የሚናገረው ሊቁ ብቻ ነበር፤ ባላገሩ የሚደርሰው ፍርዱ እንጂ ቃሉ አልነበረም። የነጋሪቱ አዋጅም ቢሆን አጭር ስለ ነበረ ነው በጕሮሮ የሚበቃው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ ረቂቁንም ሬኔ ዳቪድ የተባሉት የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3367 ቁጥሮች አሉት። ይህን ሁሉ ገበያ መኻል ቆሞ ሊጮህ የሚችል አዋጅ ነጋሪ ከየት ይገኛል? ሰሚውስ ቢሆን መች ሸምቶ ወደ ቤቱ ይገባል?

ስለዚህ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙ ከዚያ ከበሮ ተወሰደ። ከበሮው ግን ቀረ። በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋምም፥ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፥ ሁለቱ ባይስማሙ አማርኛው እንዲጸና፥ በጋዜጣው የታተመውንም ሁሉ የመንግሥት አካልም ሆነ ማናቸውም ሰው እንደሚያውቀው እንዲቈጠር ተደነገገ። «ማናቸውም ሰው» ሲል አንተንና እኔን ይጨምራል። ጋዜጣውን አይተነው የማናውቀውንም!

ይህ ነገር ቀልድ የማይሆነው ወደ ወንጀል ሕጉ ስትሄድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ አይሆንም ይላል። ዳኛው ቅን ልቡናህን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልልህ ይችል ይሆናል፤ «አላወቅሁም» ብለህ ግን በነጻ እሄዳለሁ አትበል። እኔ በዚህ ድንጋጌ አልከፋም። «አላወቅሁም» ማለት ቢፈቀድ ኖሮ በአገሩ ውስጥ ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰው አይገኝም ነበር። ነገር ግን ዕዳው የሁለት ወገን ዕዳ ነው ባይ ነኝ። እኔ እንዳውቅ ከተገደድሁ፥ ሕግ አውጪው ደግሞ ሕጉን እጄ ላይ የማድረስ ግዴታ አለበት። ባንክ ቤት ገንዘቡን ሳይሰጠኝ ወለድ ሊጠይቀኝ ይችላልን?

ይህን ክርክር የጀመርሁት እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፒተር ማርቲን የተባሉ የሕግ መምህርና ቶማስ ብሩስ የተባሉ ባልንጀራቸው ሕግን በኢንተርኔት በነጻ ለሕዝብ ለማቅረብ አንድ ተቋም አቋቋሙ። ጊዜው ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ገና እየተወለደ የነበረበት ነው። በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ድረ ገጽ የሚከፍት ፕሮግራም ስላልነበረ ብሩስ ራሳቸው ሠርተው በነጻ ሰጡ። አንባቢ ለማግኘት ብሎ መነጽር መፍጨት ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የአገራቸውን ሕግና ፍርድ እንዲሁ አወጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ እነዚህ ተቋማት በሞንትሪያል ተሰብስበው ሕግን የሚመለከት የሕዝብ መረጃ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ መሆኑንና በነጻ ሊገኝ እንደሚገባው የሚያውጅ መግለጫ አወጡ።

ነገሩ በመግለጫ ብቻ አላለቀም፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የጆርጂያ ግዛት ሕጉን ከማብራሪያው ጋር አጣምሮ ያሳትም ነበር፤ የመጻሕፍቱም ዋጋ 412 ዶላር ነበር። ካርል ማላሙድ የተባለ ሰው መጻሕፍቱን ገዝቶ በኢንተርኔት በነጻ ለሁሉም አወጣቸው። ግዛቲቱም «የደራሲነት መብቴን ነካ» ብላ ከሰሰችው። ክርክሩ እየወጣ እየወጣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2020 ተፈረደ። አምስት ዳኞች ባንድ ወገን፥ አራት በሌላ ወገን ሆነው በአንድ ድምፅ ብልጫ ለማላሙድ ፈረዱ፤ የሕግ አውጪ አካል በሥራው የሚጽፈውን የራሱ ንብረት አድርጎ ሊይዝ አይችልም ተባለ። አንድ ድምፅ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል፤ ነገሩን ቀላል ነው ብዬ ስለማስብ ይሆናል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክርክር የሚነሣ አይመስለኝም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በአንቀጽ 5 ይፋ የሆኑ የሕግና የአስተዳደር ጽሑፎች ከነትርጕማቸው በቅጂ መብት እንደማይጠበቁ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ አንተ ዛሬ አንድ አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ ገልብጠህ በድረ ገጽ ብታወጣው፥ አትመህ በየመንደሩ ብታድለው የሚከስህ የለም። አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎችም ይህን ሠርተውታል፤ «አቢሲኒያ ሎው» የተባለው ድረ ገጽ ለምሳሌ አዋጆችንና የሰበር ውሳኔዎችን አሰባስቦ ለሕዝብ ካቀረቡት አንዱ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰበር የወሰናቸውን በቅጽ በቅጽ አድርጎ አውጥቷል። እነዚህ ውሳኔዎች እንደ ተራ ወሬ የሚታዩ አይደሉም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሰበር ሰሚው ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጕም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፥ አዋጁን ብቻ አንብቦ ውሳኔውን ያላየ ሰው ሕጉን በግማሽ ነው ያወቀው።

ታዲያ ሁሉ ነገር ተሟልቷልን? አልተሟላም፤ እንዲያውም ያልተሟላው ይበዛል። በክፍሌ ላሉት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች «ስለ ራሳችሁ ኑሮ የሚናገር አንድ የሕግ አንቀጽ ፈልጋችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። በማግስቱ እያንዳንዱ ተማሪ ልዩ ልዩ እሮሮ ይዞ መጣ። አንዱ ያገኘው ጋዜጣ የገጹ ፎቶግራፍ ስለ ነበረ ቃል ጽፎ ቢፈልግበት አያገኝለትም፤ ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ አመሸ። ሌላዋ ያገኘችው በድሮው የኮምፒዩተር ፊደል የተጻፈ ስለ ነበረ ስትገለብጠው ግእዙ ሁሉ የላቲን ምልክት ሆኖ ቀረ። አያቱ ዘንድ ክልል ለዕረፍት ሄዶ የመሬት ክርክር የሰማ አንድ ልጅ ደግሞ የክልሉን ሕግ ፈልጎ አጣው። ክልሎች የየራሳቸው ጋዜጣ አላቸው፤ የአማራው ዝክረ ሕግ ይባላል፥ የኦሮሚያው መገለተ ኦሮሚያ ይባላል፤ እነዚህን በስልክ ማግኘት ግን የፌዴራሉን እንደ ማግኘት አይቀልም።

ከሁሉ የሚከፋው አሮጌ ሕግ ነው። ወረቀት ሲያረጅ ይጠቁራል፥ ጥጉ ይበላል፤ በስልክ የሚታይ ጽሑፍ ግን ቢሻርም እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። በግል ድርጅት የምትሠራ አንዲት የማውቃት ሴት ነፍሰ ጡር ሳለች ስለ ወሊድ ፈቃድ ፈለገችና በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377ን አገኘች። እዚያ ላይ ከመውለድ በፊት 30፥ ከወለዱ በኋላ 60 ተከታታይ ቀናት ይላል። እርሷም ይህንኑ ጠየቀች፤ ድርጅቱም ደስ ብሎት ፈቀደላት። ነገር ግን ያ አዋጅ ከተሻረ ቈይቷል። በምትኩ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ከመውለድ በፊት 30፥ ከወለዱ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ነው የሚሰጠው። ይህን የሰማችው ልጇን ለሠራተኛ ትታ ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው። ሕግ ፈልጋለች፥ አግኝታለች፥ አንብባለች፤ የጎደላት ከገጹ ራስ ላይ «ይህ ተሽሯል» የምትል አንዲት መስመር ናት። ስለዚህ አንባቢዬ፤ አዋጅ ስታገኝ መጀመሪያ ቁጥሩንና ዓመቱን አንብብ፤ ቀጥለህም የሻረው ወይም ያሻሻለው ሌላ አዋጅ እንዳለ ፈልግ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አንቀጹ መግባት።

አሁን ወደ መመሪያ ልግባ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነውና። ከአዋጅ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ብንገናኝ ነው፤ ከመመሪያ ጋር ግን በየቀኑ እንጋጫለን። በየቢሮው መስኮት «መመሪያው አይፈቅድም» ይባላል። «መመሪያውን ላየው?» ያልህ እንደ ሆነ ሰውዬው የቤተሰቡን ገበና የጠየቅኸው ያህል ይቈጣል።

የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፥ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ የሆነ ልጅ አለ። በቅርቡ ሻይ ስንጠጣ ሳቅ እያለ ስለ ሥራው ሲያጫውተኝ፥ ስምንት ወር ሙሉ «መመሪያው አይፈቅድም» እያለ ሰው ሲመልስ እንደ ኖረና መመሪያውን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳላየው ነገረኝ። «ታዲያ አለመፍቀዱን ማን ነገረህ?» አልሁት። ከእርሱ በፊት የነበረው ጸሐፊ ነው። ለዚያኛውስ? ዝም አለ።

መምህሩ ስለ ነበርሁ ይሁን አላውቅም፥ ነገሩ ከንክኖት ወደ ቢሮው ተመልሶ ፈለገ። አለቃውን ጠየቀ፤ አለቃው ሌላውን ጠየቀ፤ በመጨረሻ ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የመጨረሻ ገጹ የጎደለ ፎቶ ኮፒ ተገኘ። መመሪያው ምን ይል ኖሯል? አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ላቀረበ ሰው ይፈቅዳል! ልጁ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። «ጋሼ፤ አንዲት ሴትዮ ሦስት ጊዜ መልሻታለሁ። ከየት እንደምትመጣ እንኳ አላውቅም» አለኝ። እኔም የምመልስለት አልነበረኝም። ሴትዮዋ አራተኛ አልመጣችም።

ለዚህ ዓይነቱ በሽታ መድኃኒቱ ተጽፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ አስቀድሞ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ፥ ከወጣም በኋላ ያኔ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፥ ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር እንዲያስመዘግብና በድረ ገጽ እንዲያወጣው ያዝዛል። ይህ ሳይሆን የቀረ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ አንብባት። ድረ ገጹ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ነጋሪት ሆነ ማለት ነው፤ ነጋሪቱ ካልተመታ አዋጅ የለም። በመስኮቱ ፊት የምትቆም ከሆንህ «የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው? በየትኛው ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል?» ብለህ በትሕትና መጠየቅ መብትህ ነው። በመስኮቱ ኋላ የምትቀመጥ ከሆንህ ደግሞ፥ አብዛኞቻችሁ ነገ እዚያ ናችሁና፥ ያላየኸውን መመሪያ አትጥቀስ። አትሞም ከመስኮቱ ላይ መለጠፍ የሁለት ብር ማጣበቂያ ነው የሚፈጀው።

ኢንተርኔት ለሁሉ አልደረሰም የሚለኝ አይጠፋም። አልደረሰም፤ እውነት ነው። ስልኩ ያለውም ሁሉ የሕግ አማርኛ አይገባውም፤ አማርኛ አፉን ያልፈታበትም ብዙ ነው። ስለዚህ ነው የአዋጅ ነጋሪውን ሁለተኛ ቃል የምወዳት፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ስልክና አንድ አንባቢ ከተገኙ ለግቢው ይበቃል። ይህን ያየሁት በእትዬ ቤት ነው።

በማግስቱ ስልኬን ይዤ ገባሁ። እትዬ መነጽራቸውን ፈልገው አጡ፤ የእኔንም ንባብ እንዳያምኑ ባለ ጉዳይ ነኝ። ስለዚህ 7ኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ተጠርታ ስልኩ ተሰጣት። ልጅቱ ቆማ፥ ልክ በክፍል ውስጥ እንደሚነበበው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ እንደማይችል ሲነበብ እኔ ቀና አልሁ። እትዬም «በል እንግዲህ፥ መንግሥት ካለ ምን አደርጋለሁ» ብለው ቡናቸውን ማቁላት ጀመሩ።

ልጅቱ ግን አቁሚ ያላት ስለሌለ ማንበቧን ቀጠለች። ውል ለሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ በጽሑፍ እንዲሆን፥ በ30 ቀን ውስጥም አከራይና ተከራይ ሁለቱም ቀርበው እንዲያስመዘግቡ የሚለው ላይ ስትደርስ እትዬ የቡና ምጣዱን አስቀመጡት። «ሁለቱም ነው የሚለው?» አሉ። «ሁለቱም ይላል አያቴ» አለች። የኛ ውል የተጻፈው ከደብተር በተቀደደ ሉክ ላይ ሲሆን፥ የሚኖረውም በእትዬ ሣጥን ውስጥ ነው። ለአንድ ዓመት ነበር፤ የተመዘገበበትም ስፍራ የለም። «ሕግ አዋቂው መምህር፤ አንተስ መቼ አስመዘገብህ?» አሉኝ። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ሰኞ ጧት ትምህርት ቤት የአንድ ክፍለ ጊዜ ፈቃድ ጠይቄ፥ እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው፥ የተስተካከለውን ውል በሁለት ቅጂ ይዘን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሰልፉ ረዥም ነበር። እትዬ ከፊታችንም ከኋላችንም ለቆሙት ሁሉ «የሁለት ወር ብቻ ነው አሉ» እያሉ ሲነግሩ አረፈዱ፤ ከፊታችን የቆሙት አከራይ አልወደዱላቸውም። ጣሪያው እስከ አሁን አልተጠገነም፤ ይህን ስጽፍልህም ከበላዬ ጠብ ጠብ ይላል።